የአሮጌ ሙታን

ስሙኝማ! እኛ ላስታዎች መቅደላን ስናነሣ ከቂም ነው የምንጀምረው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቀሉ፤ ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። ከዚያ ወዲያ ከበሽሎ ማዶ ያለችው አምባ ለላስታ ሰው የጠላት ምሽግ ሆና ቀረች። ዛሬ ግን ቂሙን ልተወውና እዚያ ስለቀሩት ሰዎች ልንገራችሁ።

ቴዎድሮስ መቅደላን የያዟት በ1848 ወሎን ሲያስገብሩ ነው። ዙሪያዋ ገደል ነው። ጦር ሰፈር አደረጓት፤ ግምጃ ቤት አደረጓት፤ ወህኒም አደረጓት። የውጭ አገር ሰው ስለ እንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ስለ መልእክተኛው ራሳም እስር ብዙ ይላል፤ አብዛኛው እስረኛ ግን የአገር ልጅ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ እንኳ በ1860 መጀመሪያ እዚያው እንደ ታሰሩ አረፉ።

በዚያ ዓመት ሁለት ጦር ወደ አምባይቱ ገሠገሠ። ንጉሡ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውን የጂዳን ገደል ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ አወጡለት። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ደግሞ የታሰሩትን ሊያስፈታ ከዙላ ተነሥቶ በአሸንጌ፣ በሙጃ፣ የተከዜን ምንጮች ተሻግሮ በኛው አገር መጣ። ጂዳ ሲደርስ ንጉሡ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ጠበቀው! ጎበዜ አልተዋጉትም። የላስታም ገበሬ የማርያ ቴሬዛ ብሩን እየተቀበለ እህልና ገለባ ሸጠለት። ይህን መሸፋፈን ምን ያደርጋል?

ሚያዝያ 2፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ቴዎድሮስ ተቆጥተው ወደ 200 የሚጠጉ እስረኞችን አስገደሉ፤ ሬሳቸውም ወደ ገደል ተጣለ። ንጉሡን የሚወድ ተራኪ ይህን ይዘለዋል፤ እኔ አልዘለውም። የነዚያም መቃብር ገደሉ ነው።

በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ወደ አሮጌ ሜዳ ወረዱ። ሰማዩ ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። የኛ ሰው ነፍጡን በአፈሙዙ እስኪያጎርስ ድረስ የእንግሊዝ ስናይደር ከኋላው እየጎረሰ ደጋግሞ ይተኩሳል፤ ሮኬቱም ከላይ ይወርዳል። ገብርዬ እዚያው ወደቁ። እንግሊዞች በገመቱት 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከነሱ ወገን 20 ቆስለው 2 ሞቱ። ይህን ጦርነት ማለት ይከብዳል።

የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ፤ ከቀናት በኋላ እንግሊዞች አምባውን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ነደደ። ዐፅማቸው በኋላ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተወሰደ ይባላል። እቴጌ ጥሩወርቅ ከተመላሹ ጦር ጋር ሲጓዙ ግንቦት 8 በመንገድ ዐረፉ፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በ1872፣ በ18 ዓመቱ፣ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ መቃብሩ ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ዐፅሙ ይመለስልን ተብሎ ቢጠየቅም ቤተ መንግሥቱ እንቢ ብሏል። አባት፣ እናትና ልጅ በሦስት አገር አፈር!

አምባይቱስ? ናፒየር መጀመሪያ ለጎበዜ ሰዎች ሰጣቸው፤ ልንጠብቃት አንችልም ብለው መለሱለት። ስለዚህ የወሎዋ መስተዋት ወሰደቻት። ያን ያህል ቂም ተይዞባት፣ እጃችን ላይ ስትወድቅ አንፈልግም አልን። ጎበዜ ግን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

የንጉሡ ቤተሰብ መቃብሩ ቢበተንም ስሙ አለ። ሴባስቶፖልም እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያየው አላጣም። አሮጌ ላይ ከገብርዬ ጋር የወደቀው ወታደር ግን፣ የቤጌምድሩም የቋራውም፣ የሰው ቁጥር ሆኖ ቀረ። ተዝካሩን ያወጡለት ቤተሰቦች ስሙን ያውቁ ነበር። እናንተ በጎንደር፣ በቋራ፣ በደብረ ታቦር ያላችሁ፣ በቤታችሁ «ቅድመ አያታችን መቅደላ ቀረ» ሲባል የሰማችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ስሙንና የአባቱን ስም ጠይቃችሁ ጻፉት። የላስታ ሰውም ቢሆን ከነዚያ ወታደሮች ጋር ቂም የለውም።