ከኦክላንድ አዳራሽ እስከ ሳን ሆዜ
እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው ወረርሽኝ በ1918 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያዋን ከተማ ኦክላንድን ሲመታ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሆስፒታል ሆነ፤ የቀይ መስቀል ነርሶችም በአልጋዎቹ መካከል ይመላለሱ ነበር። ያኔ መሰብሰቢያዎች የተዘጉት በልምድና በግምት ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ-19 ምክንያት በዚያው ግዛት በሳን ሆዜና አካባቢዋ ነዋሪው ከቤት እንዳይወጣ ሲታዘዝ ግን የሰውን ዝውውር በቀመር መከተል ተችሏል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሳን ፍራንሲስኮን ጨምሮ በ10 ታላላቅ ከተሞች የ98 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ መረጃ አስልተው፣ አብዛኛው መተላለፍ በጥቂት የተጨናነቁ ቦታዎች እንደሚከማች አሳዩ። ስለዚህ ከወጣው ሰው ብዛት ይልቅ የገባበት ቦታና የቆየበት ጊዜ ይመዝናል።

ስልክ ጭምብልንም ሆነ የተከፈተ መስኮትን አያይም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ቀመሩ ድሃ ሰፈሮች ይበልጥ እንደሚጠቁ ከዝውውር ልዩነት ብቻ ተነስቶ አመልክቷል። በእነዚያ ሰፈሮች የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ከሀብታም ሰፈሮች ጋር ሲነጻጸሩ በእኩል ስፋት ላይ በሰዓት 59 በመቶ የበለጠ ሰው ይገባ ነበር፤ የገባውም በአማካይ 17 በመቶ የረዘመ ጊዜ ይቆይ ነበር። ይህ የቸልተኝነት ውጤት አይደለም፤ ከቤት ሆኖ መሥራት የማይችል ሰው መውጣቱ ግድ ነበር።