የአባ ጎርጎርዮስ ውርስ፦ ከቤተ አምሐራ እስከ ዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ለወንጌል አገልጋዮች አጭር ሥልጠና ስሰጥ አንድ ወንድም እጁን አነሣ። «መምህር፣ ዕብራይስጥ የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ እኛን የቦረና ገበሬ ልጆችን ምን ያገናኘናል?» አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት የከተማውን ስም በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። «መካን» የግዕዙ «ኮነ» ልጅ ነው፤ በዕብራይስጥ «ማኮን» ይባላል። በመዝሙር 89፥14 ጽድቅና ፍርድ የዙፋኑ «መሠረት» ናቸው ሲባል በዕብራይስጡ የቆመው ይኸው ቃል ነው። «ሰላም» ደግሞ «ሻሎም» ነው። ወንድማችን ሳያውቀው የኖረበት ከተማ ሁለት የዕብራይስጥ ሥር ዘመዶችን ተሸክሟል።

ጥያቄው ግን የታሪክ መልስም አለው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓን ግዕዝና አማርኛ ያስተማረው ሰው የተገኘው ከዚሁ ከጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ከዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦር የተቃጠለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከአገር ወጥተው በሮም፣ በሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። በ1649 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በዚያ አገኛቸው። በ1652 የጎታው መስፍን፣ ሉተራዊው ኤርንስት፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው፤ በዚያም ከሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋውና ስለ አገሩ ሲነጋገሩ ሰነበቱ። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ተጻጻፉ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ዐረፉ።

ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛውን አሳተመ። ዕብራይስጥን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለነበር የግዕዙን ቃል ከዕብራይስጥ ዘመዱ ጋር አስተያየ። ከእርሱ በኋላ ጌሴንዮስ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ግዕዝን ጠቀሰ፤ ዲልማንም በ1865 ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። ዛሬ የሴሚናሪ ተማሪ የብራውን፣ የድራይቨርንና የብሪግስን መዝገበ ቃላት ሲገልጥ በብዙ ቃላት ሥር የግዕዝ ዘመዳቸውን ያገኛል። ስለዚህ «የፈረንጅ ትምህርት» የምንለው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ የቤተ አምሐራ መነኩሴ ድምፅ አለበት።

የአገራችን የቅኔ ቤትም መንገዱን ጠርጎልናል። ተማሪው ግሥ ሲያወርድ ከአርእስተ ግሥ መካከል ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ፣ ቆመ ይላል፤ አራቱም በዕብራይስጥ ዘመድ አላቸው። የሚገርመው፣ የአውሮፓ የዕብራይስጥ ሰዋስው መጻሕፍትም ለግሥ ማርቢያ የመረጡት «ቃጣል»ን፣ የእኛን «ቀተለ» ነው። መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ የደገመ ሰው ደግሞ በመዝሙር 118 (በዕብራይስጡ 119) ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የዕብራይስጥን ፊደላት ስም አስቀድሞ ያውቃል። በጉባኤያችን ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡ ወገኖች ካሉ፣ ያመጡትን ዕውቀት እንደ አሮጌ ልብስ አውልቀው እንዲጥሉ ማድረግ ኪሳራው የእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃላቱ ከቤት ይጀምራሉ፦ ቤት—ባይት፣ ዐይን—ዓዪን፣ ስም—ሼም፣ ልብ—ሌብ፣ ሌሊት—ላይላ። «ልጁ አይሰማኝም» የምትል እናት ጆሮው ደንቁሯል ማለቷ አይደለም፤ አይታዘዘኝም ማለቷ ነው። በዘዳግም 6፥4 ያለው «ሻማዕ» የሚጠይቀውም ይህንኑ መስማት ነው። የፊደል ጥንቃቄም ይረዳል፦ የ«ሰላም» ሰ በዕብራይስጥ ሺን ነው፤ የ«ንጉሥ» ሠ ግን ሲን ነው። ሁለቱን ፊደላት እንደ አንድ የሚጽፍ ሰው ይህን መንገድ በገዛ እጁ ይዘጋል።

ሆኖም ዘመድ ቃል ሁሉ አንድ ቤት አይኖርም። የእኛ «ንጉሥ» ዘመድ በዕብራይስጥ «ናጋሥ» ነው፤ ትርጉሙ ግን ማስጨነቅ፣ ማስገበር ነው፤ በዘጸአት 3፥7 አስገባሪዎቹ የተጠሩት ከዚህ ሥር በወጣ ስም ነው። የዕብራይስጡ ንጉሥ «ሜሌክ» ሲሆን የ«አምላክ» ዘመድ ነው። እኔ ራሴ በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ በዚህ ተሰናክያለሁ። ከ1ኛ ሳሙኤል 8 ስሰብክ፣ «እስራኤል ንጉሥ ሲለምኑ ሌላ አምላክ መለመናቸው ነው፤ ቃሉ ራሱ አምላክ ማለት ነውና» አልሁ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ከስብከቱ በኋላ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ታዲያ ዳዊትስ በዚሁ ቃል ተጠርቶ የለም ወይ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እግዚአብሔር እንደ ተናቀ የሚናገረው የቃሉ ሥር ሳይሆን ቁጥር 7 ነው፤ እኔ ግን ክፍሉ ራሱ በግልጥ የሚያስተምረውን እውነት በማይሸከመው ነገር ላይ አቆምሁት።

እንግዲህ ሥር ቃልን ለማስታወስ እንጠቀምበት፤ ትርጉምን ለመወሰን ግን ቃሉ በዚያ ክፍል፣ በዚያ መጽሐፍ፣ በዚያ ዘመን እንዴት እንደ ሠራ እንመርምር። ዘመዱን ግዕዝ ያገኘ ሰው ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍም አንዱ የሌላውን ቃል ከገዛ ቋንቋው ብቻ አልገመተም፤ ተቀምጠው ተጠያየቁ። በመድረክ ላይ «በዕብራይስጥ» ብለን ከመጀመራችን በፊት እኛም እንደዚያው ቃሉን ቀርበን እንጠይቅ። የመካነ ሰላሙ ወንድማችን በሥልጠናው ማብቂያ ደብተሩን አሳየኝ፤ በአንድ ወገን የቤቱን ቃላት፣ በሌላው የዕብራይስጡን ጽፎ ነበር። ከ«ንጉሥ» ፊት ለፊት ግን ባዶ ትቶ «ይጣራ» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ከእኔ የተሻለ ተማሪ ነው።