ደንበኛ ማፍራትና የሙያ ትስስር፦ ለጋዝጊብላ ወረዳ የአነስተኛ ንግድ አንቀሳቃሾች የተዘጋጀ መረጃ

በአገራችን የገበያ ልማድ ሻጭም ገዢም አንዱ ሌላውን «ደንበኛዬ» ብሎ ይጠራል። ቃሉ ለሁለቱም ወገን እኩል ማገልገሉ፣ ግንኙነቱ በአንድ ግብይት የማያበቃና ግዴታውም የጋራ መሆኑን ያሳያል። በንግድ ሥራ አመራር ትምህርት የሙያ ትስስር የሚባለው ጉዳይ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። የሙያ ትስስር ማለት አንድ የንግድ ባለቤት ከገዢዎች፣ ከአቅራቢዎች፣ በተመሳሳይ ሙያ ከተሰማሩ ባልደረቦች፣ ከአበዳሪ ተቋማትና ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ሆን ብሎ የሚመሠርተውና በየጊዜው የሚንከባከበው ግንኙነት ነው። ይህ ጽሑፍ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በጋዝጊብላ ወረዳ ለተሰማሩ አንቀሳቃሾች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሌሎች የዞኑ ወረዳዎች ለሚገኙም ያገለግላል።

ከቅርብ ሰው ባሻገር

በአካባቢው የግንኙነት እጥረት የለም። እቁቡ፣ እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩና ወንፈሉ ሰውን ከሰው ጋር አጥብቀው ያስተሳስራሉ። የእቁብ ዳኛ ማን በጊዜው እንደሚከፍልና ማን እንደሚያዘገይ ከማንኛውም መዝገብ በተሻለ ያውቃል። ይሁን እንጂ እነዚህ ማኅበራት የሚያገናኙት በአብዛኛው አንድ ገበያ የሚውሉ፣ አንድ ወሬ የሚሰሙ ሰዎችን ነው። በአስከተማ ማር የሚሸጥ ሰው የዕለቱን ዋጋ የእቁብ ባልደረቦቹን ቢጠይቅ፣ ሁሉም ከአንድ ሰብሳቢ ነጋዴ የሰሙትን ያንኑ ዋጋ ይነግሩታል። በሰቆታ፣ በላሊበላ ወይም በወልድያ ምን እንደሚከፈል የሚያውቀው በዚያ ያለ ሰው ነው። ስለሆነም አንቀሳቃሹ ከሁሉ በፊት ሊፈልገው የሚገባው ከወረዳው ውጭ ያለ ደንበኛ ነው።

ይህ ለዋግ አዲስ ነገር አይደለም። ሰቆታ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር ቆላ የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚሸጋገርባት ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች። ያ ንግድ ስልክም ባንክም ሳይኖር የተካሄደው፣ ነጋዴው በደረሰበት ከተማ የሚያምነውና የሚታመንለት ሰው ስለነበረው ነው።

በአንድ መስመርና በአንድ ገዢ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል ደግሞ የቅርቡ ጊዜ አሳይቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በነበረው ጦርነት የዞኑ የንግድ እንቅስቃሴ ክፉኛ ተጎድቷል፤ መንገዶች ተዘግተዋል፣ የባንክና የስልክ አገልግሎትም ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ደንበኞቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የነበሩት ነጋዴ መንገዱ ሲዘጋ ሥራው አብሮ ይዘጋል። በሌላ አቅጣጫም የሚያውቀው ሰው ያለው ግን፣ በአነስተኛ መጠን እንኳ ቢሆን፣ ሥራውን የሚቀጥልበት በር ይኖረዋል።

የማር ንግድ እንደ ማሳያ

የዋግ ማር ስሙ የታወቀ ስለሆነ ገዢ አይታጣለትም። አስቸጋሪው ነገር ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር መሆኑ ነው። በእነዚህ ወራት ማር በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የላከና ዕዳ ያለበት አምራች ደግሞ ለመጠበቅ አቅም የለውም። ገዢን መፈለግ የሚገባው ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን በነሐሴና በመስከረም ነው። በዚያን ጊዜ የሚደረግ ጉዞ የሚሸጥ ዕቃ ስለማይዝ ኪሳራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ገዢው ተረጋግቶ የሚነጋገረው ሻጩ ማሩን ተሸክሞ በሩ ላይ ባልቆመበት ሰዓት ነው።

ሁሉም ገዢ አንድ ዓይነት ማር አይፈልግም። ጠጅ ቤት ከነሰፈፉ ያልተጣራ ማር ይገዛል። ሆቴል ለቁርስ ገበታ የሚሆን፣ የተጣራና በንጹሕ ዕቃ የታሸገ ማር ይፈልጋል። የጧፍና የሻማ ሠሪ ደግሞ የሚፈልገው ሰሙን ብቻ ነው። ላሊበላ የጎብኚና የምእመናን ከተማ በመሆኗ፣ በተለይም በገና በዓል ሰሞን፣ ሦስቱም ዓይነት ገዢዎች በአንድ ቦታ ይገኙባታል። አንቀሳቃሹ ወደ ገዢ ሲሄድ ጥቂት ናሙና፣ በየወሩ ምን ያህል ኪሎ ማቅረብ እንደሚችል የተጻፈ ወረቀትና የንግድ ፈቃዱን ቅጂ ቢይዝ መልካም ነው። ሊያቀርበው ከሚችለው በላይ ቃል መግባት ግን አይገባውም፤ 20 ኪሎ ብሎ 20 ኪሎ ያደረሰ ሰው 100 ኪሎ ብሎ 60 ካደረሰው ይልቅ ይታመናል። በስኳር የተበረዘ ማር አንድ ጊዜ ያቀረበም የራሱን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ሁሉ ስም ያጎድፋል።

የበግና የፍየል ነጋዴዎች፣ በተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዓሣ የሚያሰግሩ የዞኑ ወጣቶችም ተመሳሳይ ጉዳይ ይገጥማቸዋል። ዓሣው እንዲያውም ከማር የከፋ ነው፤ ማር ገዢ እስኪገኝ ይቆያል፣ ዓሣ ግን በረዶ፣ ተሽከርካሪና ተቀባይ ሦስቱም አስቀድመው ካልተገኙ በአንድ ቀን ይበላሻል።

በመንገድ ላይ ተዋውቆ ስልክ መለዋወጥ ብቻውን ትስስር አይሆንም። ባዛርና ኤግዚቢሽን የተሳተፉ አንቀሳቃሾች ብዙ ስልክ ቁጥር ይዘው ተመልሰው ለአንዱም ሳይደውሉ መቅረታቸው በየጊዜው የሚታይ ነው። ከዝግጅቱ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ስምን፣ የመጡበትን ወረዳና ያቀረቡትን ዕቃ ጠቅሶ መደወል ያስፈልጋል። አረጋውያን ደንበኞችን በሚናገሩት ቋንቋ፣ ኽምጥኛ ተናጋሪውን በኽምጥኛ፣ ማነጋገርም ትንሽ የሚመስል ትልቅ አክብሮት ነው።

መዝገብ፣ ውልና ብድር

ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህልና በስንት እንደተሸጠ የሚያሳይ ደብተር መያዝ ለግብር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ዱቤ የተሰጠበት ቀንና የሚከፈልበት ቀን ከተጻፈ ወዳጅነት በገንዘብ ምክንያት አይበላሽም። ከዚህም በላይ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የቤት እንስሳትን፣ ሰብልን፣ የሥራ መሣሪያንና ከገዢ የሚሰበሰብ ሒሳብን ለብድር መያዣ ማድረግ የሚቻልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ከአስተማማኝ ገዢ ጋር በጽሑፍ የተደረገ የአቅርቦት ውል ያለው አንቀሳቃሽ ወደ አበዳሪ ተቋም ሲሄድ የሚያሳየው ነገር አለው። በቃል ብቻ የተደረገው ስምምነት ግን ምንም ያህል የጸና ቢሆን በብድር ኦፊሰሩ ጠረጴዛ ላይ አይታይም።

ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋማትና ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ገዢዎች ናቸው። ለእነርሱ ለማቅረብ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ አስፈላጊ ናቸው። እዚህ ላይ ትውውቅ የሚጠቅመው ጨረታ መቼ እንደሚወጣና መሥፈርቱ ምን እንደሆነ በጊዜ ለማወቅ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር የሚጠይቅም የሚሰጥም በሕግ ተጠያቂ ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁኔታዎች

በአንድ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ተሰባስበው መኪና በጋራ ቢከራዩ፣ ማሸጊያ በጅምላ ቢገዙ ወይም አንዱ ያልቻለውን ትእዛዝ ለሌላው ቢያስተላልፍ የሚደገፍ ነው። ተወያይተው የመሸጫ ዋጋ ቢወስኑ ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለውን ተግባር ይፈጽማሉ። በዋጋ ላይ መስማማት ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በሻይ ሰዓት ጨዋታ ስለሚጀመር ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በጋራ መሸጥ የሚፈልጉ አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተደራጅተው የአባላትን ምርት በማኅበሩ በኩል ማቅረብ ይችላሉ።

ዋስ መሆንም ሌላው ጉዳይ ነው። ወዳጅ «ፈርምልኝ» ሲል እምቢ ማለት በባህላችን ከባድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በዋስትናው ውል ላይ እንዲወሰን ያዛል፤ ስለዚህ መጠኑ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ መፈረም አይገባም። የሚፈርመውም ሰው ተበዳሪው ባይከፍል ራሱ ሊከፍለው የሚችለውን ያህል ብቻ ቢሆን ይመከራል።

በወረዳው የሚገኙ አንቀሳቃሾች ስለ ገበያ ትስስር፣ ስለ ባዛር ተሳትፎና ስለ መደራጀት መረጃ ለማግኘት በአስከተማ ወደሚገኘው የወረዳው የሥራና ሥልጠና ዘርፍ ጽሕፈት ቤት ወይም አንድ ማዕከል አገልግሎት መቅረብ ይችላሉ። ሲመጡ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ ካላቸው ቅጂውን፣ እንዲሁም ያለፉትን ወራት ሽያጭ የሚያሳይ ደብተራቸውን ይዘው ቢቀርቡ ባለሙያው ከየትኛው ገዢ ጋር ሊያገናኛቸው እንደሚችል ለመለየት ይቀለዋል።