የተሳቢ ጎማ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ፦ ክረምት ሳይገባ ማወቅ ያለባችሁ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ዳገት ቁልቁለት ይበዛዋል። ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ስትገቡም ያው ነው። እዚህ ላይ የጫነ ተሳቢ ጎማው ቢወልቅ የሚጠፋው ንብረት ብቻ አይደለም።

ምንድን ናቸው?
ኩሽኔታ ጎማው በአክሱ ላይ ሳይፋተግ እንዲዞር ያደርጋል። ግራሶ ያለሰልሰዋል። ፓራኦሊዮ ደግሞ ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውሃና አቧራም እንዳይገባ የሚዘጋው ቀለበት ነው። እሱ ሲያልቅ ኩሽኔታውም ፍሬኑም ይከተላሉ፤ ግራሶ የነካው ፍሬን በደንብ አይዝም።

ውሃ እንዴት ይገባል?
ቁልቁለት በፍሬን ሲወረድ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። እንደጋለ ወንዝ ውስጥ ከገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል። አየሩ ሲኮማተር ውሃውን ባረጀው ፓራኦሊዮ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ከመሻገራችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አብርዱት። ለማብረድ ብላችሁ ግን ውሃ አትድፉበት።

በምን ይታወቃል?
👉 ሜዳ ላይ ከተነዳ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ሳትነኩ ወደ ሞዞው ጠጋ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ችግር አለ።
👉 ታኮ አድርጋችሁ በክሪክ አንሱት፤ ጎማውን ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተወዛወዘ፣ ወይም ሲዞር ካንገጫገጨ ይፈታ።
👉 በጎማው የውስጥ በኩል ግራሶ ከፈሰሰ ፓራኦሊዮው አልቋል።
👉 ግራሶው ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ሲፈታ ምን ይደረግ?
1. ኩሽኔታውን በላምባ አጥቡ፣ በደንብ ይድረቅ። በኮምፕሬሰር አየር አታሽከርክሩት፤ ሊበታተንና ሊጎዳችሁ ይችላል።
2. ብረቱ ከተቦረቦረ ወይም በሙቀት ከጠቆረ የውስጡም የውጭውም ክፍል አብሮ ይቀየር።
3. ሙቀት የሚችል ግራሶ በሰፊው በኩል እየጫናችሁ በሌላው እስኪወጣ ሙሉ። ሁለት ዓይነት ግራሶ አትቀላቅሉ።
4. የተፈታ ፓራኦሊዮ አይመለስም፤ አዲስ ይገባል፣ ከንፈሩም ወደ ግራሶው ይዙር።
5. ዳዶው ከልክ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ ከላላ ጎማው ይወዛወዛል። በአምራቹ ልክ አጥብቃችሁ አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ።

ይህን የለመደ መካኒክ ቢሠራው ይሻላል፤ መንገድ ላይ ሙቀቱንና ፍሳሹን ቀድሞ የሚያየው ግን ረዳቱ ነው። ረዳት ለሆነ ጓደኛችሁ ላኩለት።