ነጥቡና ብሎኑ፦ የሽጉጥ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ታሪክ ከሥር ሲታይ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለጠመንጃ ጠጋኝ ሱቅ የሚስማማ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ምክንያቱን ላስረዳ። በቴክኖሎጂ ታሪክ ትምህርቴ ውስጥ ስለ ማነጣጠሪያ መሣሪያዎች ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ያ ሁሉ መስተዋት ከሽጉጡ ላይ ሳይወድቅ የሚቆየው በምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «በብሎን ነው» አልሁት። «ብሎኑስ የሚቆየው በምንድን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግር የዚያ ጥያቄ ዕዳ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዘወትር የሚተረከውን ታሪክ ላስቀድም። በ1900 የደብሊኑ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሃዋርድ ግራብ ብርሃን አንጸባራቂ ማነጣጠሪያን በባለቤትነት አስመዘገበ። ሐሳቡ ረቂቅ ቢሆንም ለመረዳት አያስቸግርም፦ ብርሃን የሚያሳልፍም የሚያንጸባርቅም መስተዋት የአንድን ምልክት ምስል እጅግ ሩቅ የሆነ ያህል አድርጎ ለዓይን ያቀርባል። ተኳሹ ዒላማውንና ምልክቱን ባንድ ጊዜ ያያል፤ የፊቱንና የኋላውን ማነጣጠሪያ ከዒላማው ጋር ለማስተካከል አይቸገርም። ሐሳቡ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ ዋለ። በ1975 ኤይምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ በባትሪ የሚሠራ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ፤ በ1997 ደግሞ የአሜሪካ ምድር ጦር የዚህኑ ኩባንያ ሥራ ለጠብመንጃዎቹ ተቀበለ። ትረካው እዚህ ላይ ሲያበቃ የብርሃንና የመስተዋት ድል ይሆናል። የእኔም ትምህርት እዚሁ ላይ ያበቃ ነበር።

ሽጉጥ ግን ይህን ትረካ ያፈርሰዋል። በ1990ዎቹ የውድድር ተኳሾች ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያን በሽጉጥ ላይ ሲተክሉ በአብዛኛው ያሰሩት ከማይንቀሳቀሰው የሽጉጡ አካል ጋር ነበር። ማሰሪያው ትልቅና ከባድ ስለ ነበረ በወገብ ለሚታጠቅ መሣሪያ አይመችም ነበር። መሣሪያው እያነሰ ሲሄድ ሠሪዎች በላይኛው ተንሸራታች አካል ላይ መትከል ጀመሩ። በ2015 ግሎክ ተንሸራታቹ ተፈልፍሎ መገጣጠሚያ ሳህን የሚቀበል ሞዴል አወጣ፤ በ2017 የአሜሪካ ምድር ጦር የመረጠው አዲስ ሽጉጥም ለዚሁ ተዘጋጅቶ የቀረበ ነበር። ስለዚህ ማነጣጠሪያው በእያንዳንዱ ተኩስ ከተንሸራታቹ ጋር ወደ ኋላ ተወርውሮ በድንገት የሚቆም፣ ከዚያም ወደ ፊት ተመልሶ የሚጋጭ ዕቃ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ጥቂት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው።

የተማሪዬ ሁለተኛ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ መለጠጡም ሁለቱን አካላት አጥብቆ ይጨምቃል፤ በጥርሶቹና በራሱ ሥር የሚፈጠረው ሰበቃ እንዳይዞር ይይዘዋል። ታዲያ ለምን ይላላል? በ1969 ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ባሳተመው ጥናት፣ ብሎንን ይበልጥ የሚያላላው በቁመቱ የሚመጣ ጉተታ ሳይሆን ወደ ጎን የሚገፋ ንዝረት መሆኑን አሳየ። የተያያዙት አካላት በጎን በኩል በጥቂቱ እንኳ ሲንሸራተቱ ሰበቃው ለቅጽበት ይከዳል፤ ብሎኑም ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ይፈታል። አሁን ሽጉጡን አስቡ። ብሎኖቹ ከላይ ወደ ታች የቆሙ ናቸው፤ ርግጫው ግን ወደ ኋላና ወደ ፊት ነው። ዩንከር በጥናቱ ያሳየው ሁኔታ በየተኩሱ ይደገማል ማለት ነው።

ጉዳቱ ማነጣጠሪያው ሲወድቅ ብቻ አይደለም፤ ሳይወድቅ መሳቱ የባሰ ነው። የመቀመጫው ርዝመት 40 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። አንዱ ጫፍ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነሣ፣ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ነጥቡ እንደ ወትሮው ቀልቶ ይታያል፤ ተኳሹም ያምነዋል። ሽጉጥ ታጥቆ ሕዝብ በሚበዛበት ለሚሠራ ፖሊስ፣ ይህ ልዩነት የሌላ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከአንድ ሰው አልመጣም። አንዱ ክፍል የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። በ1953 በሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ቨርነን ክሪብል አየር ሲያጣ በብረት መካከል የሚጠነክር ፈሳሽ ሠሩ። ከዚያ በፊት የነበረው የዚህ ዓይነት ፈሳሽ እንዳይጠነክር ያለማቋረጥ አየር ሊነፋበት ይገባ ነበር፤ የእርሳቸው ግን በጠርሙስ ተቀምጦ ይቆያል፣ በጥርሶቹ መካከል ሲገባ ይይዛል። ሎክታይት የሚባለው ይኸው ነው። ዘይት ባለበት ግን በወጉ አይዝም፤ ስለዚህ ጥርሱ አስቀድሞ ከዘይት መጽዳት፣ ከተጠበቀም በኋላ ፈሳሹ እስኪጠነክር ጊዜ ማግኘት አለበት። እጅግ ብርቱው ዓይነት ደግሞ ለመፍታት ሙቀት ስለሚጠይቅ ለመስተዋትና ለኤሌክትሮኒክስ አይስማማም፤ መካከለኛው ይመረጣል።

ሁለተኛው ክፍል የመጣው ከመካኒኮች ነው። መቀመጫው ማነጣጠሪያውን ያለ ክፍተት እንዲይዝ አድርጎ መፈልፈል፣ ወይም ርግጫውን የሚቀበሉ ጉጦች ማበጀት፣ የጎን ግፊቱን ከብሎኖቹ ላይ ያነሣል፤ ብሎኖቹ የመጨመቅ ሥራቸውን ብቻ ይሠራሉ። ሳህን በመካከል ሲገባ የሚጠበቀው መጋጠሚያ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም እኩል ጥንቃቄ ይሻሉ። የብሎኑ ርዝመትም ልኩ አለው፤ ሲያጥር ጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዛል፣ ሲረዝም ከሥሩ ያለውን ክፍል ይገፋል። የማጥበቂያው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ2 ኒውተን ሜትር በታች ስለሆነ በእጅ ግምት ሳይሆን በሚለካ ካቻቪቴ፣ በሠሪው መመሪያ መሠረት መጥበቅ ይገባዋል። በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ብሎኑን ይቀጥፈዋል።

ሦስተኛው ክፍል ከሁሉ ያነሰ የሚመስለው ነው። መካኒኮች ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከራሱ እስከ አካሉ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምራሉ። ብሎኑ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል፤ ባለ ሽጉጡም በዓይኑ ብቻ ያውቃል። ይህ መስመር ምንም አያጠብቅም፣ የሚመሰክር ብቻ ነው። የምስክሩ ዋጋም ባለቤቱ ዘወትር በመመልከቱ ላይ ይቆማል።

የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የግራብ ስም በታሪክ መጻሕፍት ተጽፎአል፤ ያንን መስመር መጀመሪያ ያሰመረውን ሰው ስም ግን አናውቅም። መዛግብት የፈጠረውን እንጂ የጠበቀውን እምብዛም አይመዘግቡም፤ እኛም መዛግብቱን ተከትለን፣ ነገሮች ከተፈጠሩ በኋላ በራሳቸው ጸንተው እንደሚኖሩ አድርገን እናስተምራለን። እኔ ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት እንዲሁ ነበር። ዛሬ ያ ተማሪ እዚህ ቢኖር፣ «ብሎኑ የሚቆየው በሰበቃ፣ በጉጥ፣ በፈሳሽና ተመልሶ በሚያየው ሰው ነው» ብዬ እመልስለት ነበር።

ጥያቄ ካላችሁ፣ በተለይ መልሱን የማላውቀው ከሆነ፣ በደስታ እቀበላለሁ።