እዚያው የሚፈጠር ዜማ፦ ከፎገራ ሜዳ እስከ አዲስ አበባ የጃዝ መድረክ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የፎገራን ሜዳ ይዞ ወደ ጎንደር ይዘልቃል፤ ሌላው በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልድያ ያቀናል። ፎገራ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሩዙንና የከብት ዝርያውን ነው፤ ጃዝ ሲነሣ ደግሞ ኒው ዮርክን፣ ሲቀርብ አዲስ አበባን። ሁለቱን አንድ ላይ ማንሣት ለብዙዎች እንግዳ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሁለቱ ዝምድና አላቸው የሚል ነው። ሳክስፎኑ፣ ፒያኖውና የአኮርድ ስምምነቱ ከባሕር ማዶ መጥተዋል፤ በሰው ፊት ቆሞ እዚያው መፍጠር ግን በዚህ አገር የራሱ መምህር፣ የራሱ ሥርዓትና የራሱ አድማጭ የነበረው የቆየ ሙያ ነው። የዛሬው የጃዝ መድረካችን የሚጠነክረውም ይህን ሙያ ሥሩ አድርጎ ሲይዝ ነው።

ማስረጃው ከቅኔ ቤት ይጀምራል። ፎገራ ያለበት ደቡብ ጎንደር የዜማ ትምህርት አገር ነው፤ ድጓ በጋይንቷ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥእት በዙር አምባ ይመሰከራሉ። እርግጥ ነው፣ ድጓው በምልክት የተጻፈ፣ ማንም እንደፈለገ የማይለውጠው ዜማ ነው። በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ግን ቅኔ አለ፤ ቅኔም ዘወትር አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ለባለሙያ ነውር ነው። ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ለየኔታው ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። የቤቱ ቁጥር አስቀድሞ የተወሰነ ነው፦ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ዜማውም የታወቀ ነው። በማኅሌት ዘራፊው ቤት በቤት ይነግራል፤ ተቀባዩ ያንን ሰምቶ ወዲያው በዜማ ያሰማል። ስለዚህ ተቀባዩ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ቃል፣ ጉባኤው ሁሉ እየሰማ፣ ከታወቀ ዜማ ጋር ማዋሐድ ይጠበቅበታል። የጃዝ ባለሙያ በታወቀ ዜማ መዋቅር ላይ አዲስ ሶሎ ሲገነባ የሚፈተነውም በዚህ ነው፦ ድንበሩ ተሰጥቶታል፣ በድንበሩ ውስጥ የሚሞላው ግን ገና አልተፈጠረም።

ሁለተኛው ማስረጃ አዝማሪው ነው። ጎንደር በአዝማሪዎቿ የታወቀች ናት፤ ቡርባክስን የመሰሉ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ያወረሱ መንደሮችም አሏት። የማሲንቆን አሠራር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ለምን ለዚህ ሙያ እንደተስማማ ይረዳል። በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማትና ደጋን፤ ሌላ ነገር የለውም። ጅማቱ በእንጨቱ ላይ ተጭኖ አይያዝም፤ ጣት ከጎኑ ነካ ያደርገዋል። ስለዚህ ድምፁ ሊንሸራተት፣ ሊርገበገብ፣ የሰውን ጉሮሮ ሊከተል ይችላል። አዝማሪው አንድ ግጥም ከጨረሰ በኋላ አዝማቹን በማሲንቆው ይመልሳል። አድማጭ ያንን እንደ ማረፊያ ይሰማዋል፤ ለአዝማሪው ግን የሥራ ሰዓት ነው። እጁ የለመደውን ሲጫወት አእምሮው የሚቀጥለውን ቤት ይሰካል፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያጠናል፣ ሰሙንና ወርቁን ያስማማል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ሲወረውርለት ደግሞ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። አድማጩ የፈጠራው ተካፋይ ነው። የዚህ ቃል ኃይል ምን ያህል እንደሚፈራም ታሪክ መስክሯል፤ በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች ካስገደሏቸው መካከል ከባሕታውያንና ከጠንቋዮች ጋር እየዞሩ የሚያዜሙ አዝማሪዎች ነበሩ።

የዚህን ጽሑፍ ክርክር የሚቃወም ሰው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ሙግት ከዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ የተቀዳ ነው። ዘመናዊው ሙዚቃ የተጀመረው በቤተ መንግሥትና በሠራዊት ባንዶች እንጂ በገጠር አይደለም ይላል። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን «አርባ ልጆች»፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ሁሉ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ባንዶች በዋናነት ያስተማሩት የተጻፈ ኖታን አንብቦ በኅብረት መጫወትን ነው። ኖታውን አስቀምጦ ብቻውን የሚፈጥር ሶሎ ተጫዋች ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር እንገናኛለን። ጌታቸው በ1940ዎቹ መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀለ፤ በኋላም በኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። ታላቅ ሥራው የጦረኛውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን ማምጣቱ ነበር። ሽለላ ምቱ ልቅ ነው፤ ድምፅ ይንጠለጠላል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይነሣል። የጌታቸው ሳክስፎንም እንዲሁ አደረገ። ብዙ ዘግይተው የሰሙት የአውሮፓና የአሜሪካ ሐያስያን ከፍሪ ጃዝ ጋር አመሳስለውታል፤ ምንጩ ግን የፎካሪው ጉሮሮ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የኔዘርላንድስ ቡድን ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሲቀዳ፣ በነፃ ፈጠራ ከታወቁት ከእነዚያ ሙዚቀኞች ጋር ለመግባባት ስልቱን መለወጥ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ሙግት ሙላቱ አስታጥቄን ይጠራል። የኢትዮ ጃዝ አባት በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ፣ የመጀመሪያ አልበሞቹን በኒው ዮርክ የሠራ ሰው ነው፤ ታዲያ ኢትዮ ጃዝ የውጭ ትምህርት ውጤት አይደለም ወይ? ትምህርቱ ባይኖር ኢትዮ ጃዝ ባልኖረም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ቫይብራፎኑ፣ የላቲን ምቱ፣ በአምስቱ የቅኝት ድምፆች ሥር የተነጠፈው አኮርድ የዚያ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው። ነገር ግን ሙላቱ ራሱ ከቅኝቱ ርቆ አያውቅም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአኮርዱ እንዳይዋጡ መጠንቀቅ ዋና ጭንቀቱ ነበር። በሐርቫርድ ቆይታው የያሬድን ዜማ መሠረት ያደረገ ኦፔራ ላይ ሠርቷል፤ «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙም ማሲንቆ ከቫይብራፎኑ ጎን ተሰልፏል። አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር መድረክ ሲጋራ ከፊቱ ያገኘው የራሱን ሙዚቃ ግልባጭ አልነበረም።

ሦስተኛው ሙግት ረቀቅ ያለ ነው፤ ከሙዚቃ አዋቂዎችም ይመጣል። አዝማሪና ባለቅኔ የሚፈጥሩት ቃልን ነው፣ የጃዝ ሰው የሚፈጥረው ድምፅን ነው፣ ሁለቱን ማመሳሰል ስሕተት ነው ይላሉ። ልዩነቱ በእርግጥ አለ። አዝማሪ በሚለዋወጥ አኮርድ ላይ መንገድ አይፈልግም፤ ከጃዝ ከባድ ፈተናዎች አንዱ ይህ በመሆኑ ወጣቱ ሙዚቀኛ በትምህርት ቤት ሊማረው ይገባል። ሆኖም ማሲንቆ መቺ አንድን አዝማች ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ጌጥ አይመታውም፤ ድምፁም እንደ ቃሉ በየጊዜው ይታደሳል። ከዚህም በላይ እዚያው የመፍጠር ሙያ ጣት ላይ ብቻ የሚያርፍ ችሎታ አይደለም። ማዳመጥን፣ ጊዜን መጠበቅን፣ የሰጡህን ተቀብሎ ማሳደግን፣ ባይሳካ እንኳ ሳይቆሙ መቀጠልን ይጠይቃል። እነዚህ በቅኔ ቤትና በአዝማሪ ቤት በሥርዓት የሚለመዱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያንን አገልግሎት ከመሸታ ቤት ጨዋታ ጋር ማነጻጸር ድፍረት ነው የሚል ቢኖርም መልሱ ቅርብ ነው፦ አንዱ ለምስጋና፣ ሌላው ለሰው ጨዋታ የቆመ ነው፤ የሚነጻጸረው ዓላማቸው ሳይሆን የሙያቸው ጥብቅነት ነው።

ይህ ሁሉ ለዛሬው መድረክ ምን ይጠቅመዋል? እዚያው የሚፈጠር ሙዚቃ አድማጭ ያለበት ቤት ይፈልጋል። የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ሰብሮት ነበር፤ ኃይሉ መርጊያን የመሰለ ኪቦርድ ተጫዋች ዋሽንግተን ቀርቶ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የወጡት የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች በአብዛኛው ከዚያ ቀደም የነበረውን ዘመን ቅጂዎች ለዓለም አሰምተዋል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ግን አልበም የትናንቱን ይጠብቃል እንጂ የነገውን ተጫዋች አያሠለጥንም። ያንን የሚያደርገው መድረክ ነው፤ መድረኮቻችን ደግሞ ዕድሜ አጥተዋል። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ እነ ግሩም መዝሙር የተጫወቱበት ቤት ነበር፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉን ባጋየው እሳት ጠፋ። መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው የካዛንቺሱ ፈንዲቃም፣ ማሲንቆና ሳክስፎን በአንድ ሌሊት የሚገናኙበት፣ የውጭ ጃዝ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ለመፈተን የሚመጡበት ቤት ሆኖ ሳለ፣ በመልሶ ማልማቱ ከቦታው ተነሥቷል።

ከተማ መታደሱ የግድ ነው፤ አዲሱ ከተማ ግን ለእንዲህ ያለ ቤት በዕቅዱ ቦታ ሊይዝ ይገባዋል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም የድሮ ቅጂ ማስጠናት ላይ ብቻ መቆም የለባቸውም። በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች አዝማሪ በመምህርነት ደመወዝ ተቀጥሮ የ«ተቀበል»ን ጥበብ ቢያስተምር፣ የአኮርድ መምህርም ከጎኑ ቢቀመጥ፣ ጌታቸው ብቻውን የከፈተው መንገድ የትውልድ መንገድ ይሆናል። የደቡብ ጎንደር መምህራን የኔታ ተብለው እንደሚከበሩ ሁሉ ማሲንቆ መቺውም መምህር ተብሎ ይከበር። ጃዛችን ከዓለም ጃዝ የሚለይበትን ነገር የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ይህን ካጣ ግን በደንብ የተጠና የሰው ሙዚቃ ሆኖ ይቀራል።