ማደግም ያስፈራል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ኳስ ነው። ኳስ የማይወድ ሰው ካለም አይነሣብኝ፤ ነገሩ ከኳሱ ይልቅ የሰው ነገር ነውና።

እኛ አገር የእንግሊዝ ክለብ የምንመርጠው ከላይ ነው። አንዱ አርሰናልን ከታላቅ ወንድሙ ይወርሳል፣ ሌላው ማንቸስተር ዩናይትድን ከሰፈሩ ልጆች ይለምዳል፣ ከዚያም ቅዳሜ ሲደርስ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ ሻዩን ይዞ፣ ዘንድሮም ዋንጫው አመለጠን እያለ ይበሳጫል። ክለቤ ይወርድብኝ ይሆን፣ ደግሞስ አንድ ቀን ያድግልኝ ይሆን እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው በመካከላችን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከታች ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ ስለኖረ ሕዝብ ላውጋችሁ፤ የሉተንን ሰዎች ነገር። ዘመኑን በፈረንጆቹ እንቁጠረው፤ አገሩ የእነሱ ነው።

ሉተን ከለንደን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በድሮ ዘመን የገለባ ባርኔጣ እየሠራች ትታወቅ ነበርና በ1885 የተመሠረተው ክለቧ፣ ሉተን ታውን፣ እስከ ዛሬ ባርኔጣ ሠሪዎቹ እየተባለ ይጠራል። ሜዳው ኬኒልወርዝ ሮድ ከ1905 ጀምሮ እዚያው ቤሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ተሸጉጦ አለ። ሰፈሩ ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች የሚበዙበት ነው፤ መስጊዱን አልፋችሁ፣ የጨርቅ መደብሩን አልፋችሁ፣ የቅመም ሱቁን አልፋችሁ ነው ስታዲየሙን የምታገኙት። እንግዳ ደጋፊ ደግሞ በኦክ ሮድ በኩል ይመጣና በተርታ በተሠሩት ቤቶች መካከል፣ ወደ አንድ ሰው መኖሪያ ቤት የሚያስገባ የሚመስል በር ፊት ይቆማል። ከዚያ በዚያው በር ይገባል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ሲወጣም ቁልቁል የሰው ጓሮ ይታየዋል፣ በገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያያል፣ ወዲያው ደግሞ አረንጓዴው ሜዳ ከፊቱ ወለል ይላል። ይህ ሁሉ ቦታ የሚይዘው ከ10 ሺህ ብዙም ያልዘለለ ሰው ነበር።

ክለቡ ግን ሁልጊዜ ታች የኖረ አይምሰላችሁ። በ1988 ዌምብሌይ ላይ አርሰናልን 3 ለ 2 ረትቶ የሊግ ካፕን ዋንጫ ይዞ ገብቷል፤ የአርሰናል ወዳጆች ይቅርታ ይደረግልኝ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት አለፉና የላይኛው እርከን ክለቦች ተሰብስበው ፕሪሚየር ሊግ የሚባል አዲስ ውድድር እንመሥርት ሲሉ ሉተንም አብሮ ተስማማ፤ ሆኖም ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1992 የመጨረሻው ቀን ጨዋታ፣ ቀድሞ መውረዱ በታወቀው በኖትስ ካውንቲ ተሸነፈና ወረደ። ድግሱን አብሮ ደግሶ፣ በሩ ሲከፈት ውጭ እንደቀረ ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ገንዘብ ጠፋ፣ አስተዳደሩ ተበላሸ፣ ክለቡም በ2007፣ በ2008 እና በ2009 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወረደ። የ2008/09 ውድድር ገና ሳይጀመር 30 ነጥብ ተቀነሰበት፤ አሥሩ የቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ለተጫዋች ወኪሎች በፈጸሙት ክፍያ ምክንያት፣ ሃያው ደግሞ ክለቡ ከክስረት አስተዳደር ሲወጣ ደንቡን ባለማሟላቱ። 30 ነጥብ ማለት አሥር ጨዋታ አሸንፎ ዜሮ ላይ መቆም ማለት ነው። ጥፋቱን ያጠፉት ሄደዋል፤ ቅጣቱን የተቀበለው የቀረው ሰው ነው። የቀረውም ማን ነበር? ደጋፊው። በዚያ ቀውጢ ጊዜ ክለቡን የገዙት ራሳቸው የሉተን ደጋፊ የሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሊቀመንበር አድርገው ያስቀመጡትም የቴሌቪዥን ሰው የሆነውን፣ ዕድሜ ልኩን የሉተን ደጋፊ የነበረውን ኒክ ኦውንን ነበር።

በ2009 በኤፕሪል ወር የሆነውን ስሙ። የታችኞቹ እርከኖች ክለቦች ለሚጫወቱበት ዋንጫ ሉተን ለፍጻሜ ደረሰና ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ አባት ልጁን ይዞ፣ አያት የገለባ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ወደ ዌምብሌይ ጎረፈ፣ ከዚያም ስከንቶርፕን 3 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ፣ ጨፈሩ፣ አለቀሱ፣ ከዚያም ወሩ ሳያልቅ ክለባቸው ከአራቱ የሙያ እርከኖች ወጥቶ ኮንፈረንስ ወደሚባለው አምስተኛው እርከን ወረደ። ከወደቁ ወዲያ መፈራገጥ ለመላላጥ ይላል የእኛ ሰው፤ የሉተን ሰው ግን ተፈራገጠ። በ2011 ለማደግ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በዊምብልደን በመለያ ምት ተሸነፉ። በ2012 ደግሞ እንደገና ፍጻሜ ደርሰው በዮርክ 2 ለ 1 ተረቱ። አምስት የውድድር ዘመን እዚያ ታች ቆዩና በ2014 በ101 ነጥብ አንደኛ ሆነው ወጡ። በ2018 ዳግመኛ አደጉ፤ በ2019 ሠለሱና ሁለተኛው እርከን፣ ሻምፒዮንሺፕ፣ ገቡ። በዚህ ሁሉ መሐል ፔሊ ራዶክ ምፓንዙ የሚባል አማካይ አብሯቸው ነበር፤ ኮንፈረንስ ላይ መጥቶ እርከን በእርከን እየወጣ።

እንግዲህ 2023 ደረሰ። ሉተን ሻምፒዮንሺፑን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰና ለማደግ ወደሚደረገው ፕሌይ ኦፍ ገባ። አሠልጣኙ ሮብ ኤድዋርድስ በዚያው የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ የሉተን ባላንጣ የሆነው ዋትፎርድ ያባረረው ሰው ነው፤ ባላንጣ የጣለውን አንስተው በእሱ ነው የሚወጡት። ሰንደርላንድ ሜዳ ሄደው 2 ለ 1 ተሸነፉ፣ ከዚያም ኬኒልወርዝ ሮድ ላይ በመልሱ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ሁለተኛዋን ጎል አምበሉ ቶም ሎክየር በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ። አሁን የቀረው ዌምብሌይ ላይ ከኮቨንትሪ ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ያም ጨዋታ ለአሸናፊው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚያወጣ።

እዚህ ጋ ቆም እንበልና የደጋፊውን ልብ እንይ። አንደኛው ስጋት ግልጽ ነው፤ እንደ 2011 እና እንደ 2012 እንደገና ደጃፉ ላይ ደርሶ መመለስ። ሁለተኛው ስጋት ግን ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ እሱም የማሸነፍ ስጋት ነው። ብናድግስ? ይህች በሰው ጓሮ ላይ የተሠራች ሜዳ እነ ማንቸስተር ሲቲን ታስተናግዳለች? በየሳምንቱ አምስትና ስድስት እየገባብን የአገር መሳቂያ እንሆን ይሆን? በክፉ ቀን ከጎናችን የቆሙት ልጆች በውድ ተጫዋቾች ተተክተው ይባረሩ ይሆን? ጎረቤቴ የሚቀመጥባት ወንበር ለማላውቀው ሰው ትሸጥ ይሆን? ሰው የለመነውን ነገር ሊያገኝ ሲቃረብ ጉልበቱ የሚርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የለመነው ነገር ሲመጣ የነበረውን ይዞበት እንዳይሄድ ይሰጋል።

ዕለቱ ሜይ 27፣ በእኛ ግንቦት 19፣ ቅዳሜ ነበር፤ ፀሐይም ወጥታ ነበር። ከ85 ሺህ በላይ ሰው ዌምብሌይን ሞላው፤ በአንዱ ወገን የሉተን ብርቱካናማ፣ በሌላው የኮቨንትሪ ሰማያዊ። የኮቨንትሪም ሰው ቢሆን ያው ነው፤ በ2001 ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ፣ የራሱን ሜዳ አጥቶ በሌላ ከተማ ስታዲየም የተጫወተበትን ዘመን አይቷል። ከአምስት ዓመት በፊት ሁለቱም አራተኛው እርከን ላይ ነበሩ፤ የተገናኙት የመከራ ጓደኛሞች ናቸው። ጨዋታው ተጀመረና ብዙም ሳይቆይ ቶም ሎክየር ማንም ሳይነካው ሜዳው ላይ ወደቀ፣ ሐኪሞቹ ሮጡ፣ ስታዲየሙ ዝም አለ፣ ከዚያም በቃሬዛ ይዘውት ወጡ፣ ወደ ሆስፒታልም ወሰዱት። ጓደኞቹ ግን መጫወት ነበረባቸው፤ ተጫወቱም። ጆርዳን ክላርክ አገባ፤ ከዕረፍት በኋላ ጉስታቮ ሃመር አቻ አደረገ። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የሉተኑ ወጣት ጆ ቴይለር ኳሷን ከመረብ አሳረፈ፣ የሉተን ወገን በሙሉ ብድግ ብሎ ተቃቀፈ፣ ከዚያም በቪዲዮ ታይቶ እጁን ነክታለች ተብሎ ተሻረ፤ የተቃቀፈው ሰው ቀስ እያለ ተላቀቀ።

መለያ ምት መጣ። አምስቱም አምስቱም አገቡ። ለሉተን ዳን ፖትስ ስድስተኛውን መታና አገባ፣ ከዚያም የኮቨንትሪው ፋንካቲ ዳቦ መጣ፣ ኳሷን አስቀመጠ፣ ሮጠ፣ መታ፣ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ሎክየር ይህን ያየው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ምፓንዙም ከአንድ ክለብ ጋር ከአምስተኛው እርከን እስከ ፕሪሚየር ሊግ የወጣ የመጀመሪያው ተጫዋች ሊሆን በቃ። ዳቦ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ የዘረኝነት ስድብ ወረደበት፤ ኳስ የሳተ ልጅ በቆዳው ተሰደበ። ነውር ነው፤ ደስታውን ስናወጋ ይህንንም አብረን እናውጋው።

ከዚያስ? ከፈሩት ደረሰ፤ ካልፈሩትም ደረሰ። ሜዳውን ለማደስ ሚሊዮኖች ወጡ፤ አንደኛው ወገን በጊዜው ስላላለቀ ከበርንሌይ ጋር ሊደረግ የነበረው የመጀመሪያው የሜዳቸው ጨዋታ ተላለፈ። ዲሴምበር መግቢያ ላይ አርሰናል መጣና ያቺ ትንሽ ሜዳ ስታንቀጠቅጠው አመሸች፤ ዲኤስቲቪ ቤት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሦስት ለሦስት ሆነው ጨዋታው አለቀ ሲባል ዴክላን ራይስ በ97ኛው ደቂቃ አራተኛዋን አገባ። እኛ ጋ ጩኸት ነበር፤ እዚያ ግን አንድ ነጥብ ማለት የነፍስ ዋጋ ነበር። በዚያው ወር ሎክየር ቦርንማውዝ ላይ እንደገና ወደቀ፤ ልቡ ቆመች፤ ሐኪሞቹ ደርሰው ነፍሱን አተረፉለት፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። በመጋቢት ያን ጨዋታ እንደ አዲስ ሲጫወቱት ሉተን 3 ለ 0 መርቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ዓመቱንም በ26 ነጥብ 18ኛ ሆኖ ጨረሰና ወረደ። በ2025 ደግሞ እንደገና ወርዶ ሦስተኛው እርከን፣ ሊግ ዋን፣ ገባ።

አንዳንዱ ታዲያ ምን ተጠቀሙ ይላል፤ ለአንድ ዓመት ብለው ነው ይህን ሁሉ የተንገላቱት? እኔ እንዲህ እላለሁ። በ2009 ይህ ሕዝብ 30 ነጥብ ተቀንሶበት፣ ክለቡ ወርዶ፣ ሜዳው ግን ባዶ አልሆነም። ክለቡን ያተረፈው ያ ነው፤ ፕሪሚየር ሊግ የደረሰውም በዚያ ነው። ሊግ ዋን ለዚህ ሰው አዲስ አገር አይደለም፤ መንገዱን ያውቀዋል። ስጋቱ እውነት ነበር፣ ተስፋውም እውነት ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም። የማይፈራ ደጋፊ ካያችሁ ተስፋም የለውም።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጅማ አባ ጅፋር በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አነሣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወረደ። ያን ዋንጫ ያየ የጅማ ሰው አላየሁም አይልም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አርሰናላችሁንም ማንቸስተራችሁንም ተዉ አልላችሁም። ነገር ግን የከተማችሁ ክለብ ከፍተኛ ሊግ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከዚያም በታች ከሆነ፣ ትኬት ቆርጣችሁ ዘንድሮ ግቡለት። ካደገ በኋላማ ሁሉም ይመጣል።